ያልደረሰ መርዶ

እውነት ነው። የማያምን እዚሁ ላይ ያቁምና ወደ ሌላ ቻናል ይሻገር፤ አልቀየመውም።

እኔም ብሆን መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን እያሉ ሲያወሩኝ የምስቅ ሰው ነበርኩ። አሁን አልስቅም።

ሰዓቱ ከጧቱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ቦታው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ እኛ ግቢ ውስጥ። የግቢው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እትዬ ጦቢያ በር ላይ ቆሟል። መርዶ ልንነግራቸው ነው የመጣነው...

በሩ ሳናንኳኳው ከውስጥ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ላቁመውና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የዚያን ጧት ያየሁትን ብቻ ባወራላችሁ አበደ ትሉኛላችሁ። ከዚያ በፊት የሆነውን የነገረችኝ ፍሬሰላም ናት። ፍሬሰላም ደግሞ ያላየችውን የምታወራ ልጅ አይደለችም።

እትዬ ጦቢያ ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ናኦድና ፍሬሰላም። አባታቸው ቀድመው አርፈዋል። ሁለቱም ልጆች ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሥራቸው ለእኛ ለሰፈሩ ሰዎች ግራ ነበር። የካዛንቺስ ቤቶች ከመፍረሳቸው በፊት እየዞሩ በካሜራ ቀዷቸው። አሁን መነጽራቸውን ስታደርግ የፈረሰው ቤት እንደነበረ ፊትህ ይቆማል። ግድግዳው፣ ቆጡ፣ የግቢው ቧንቧ፣ ሁሉም።

ናኦድ አስጎብኚው ነበር። መነጽሩን ያደረገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ይቆምና፣ "እንኳን ደህና መጡ። ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፣ መቃኑ አጭር ነው" ይላል።

ለዚህ ሲባል ቁመናው፣ አረማመዱ፣ ሳቁና ድምፁ ለወራት ተቀድቷል።

"ከእንግዲህ እኔ ብቀርም ሥራው አይቀርም" እያለ ይቀልድ ነበር።

ቀልድ ነበር...

እትዬ ጦቢያ በልብ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ ናኦድ በየቀኑ ሾርባ እየሠራ ይወስድላቸው ጀመር። ሐኪሙ ጨው ስለከለከላቸው ጨው እጁ አይነካም። እሳቸው ደግሞ ለጠያቂው ሁሉ፣ "ይኼ ልጅ ውኃ አፍልቶ ያመጣልኛል" እያሉ ያማርራሉ። ያማርራሉ እንጂ ጠብ ሳያደርጉ ነው የሚጨርሱት።

ሾርባውን የሚወስድባት አረንጓዴ ፔርሙዝ አለች። እጀታዋ ተሰብሮ እትዬ ጦቢያ ራሳቸው በቀይ ክር ጠምጥመዋታል።

አንድ ረፋድ ደወለላቸው።

"እማዬ፣ ሾርባ ይዤ እየመጣሁ ነው።"

አልደረሰም። እዚሁ ቡልጋሪያ ሰፈር አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጨው።

ፍሬሰላም ስትደርስ ወንድሟን አንስተውታል። አስፋልቱ ላይ የቀረችው ፔርሙዟ ብቻ ናት። ጎማ ሄዶባት እንደ ወረቀት ተጣብቃለች፤ ዙሪያዋ ቢጫ ሾርባ ፈሷል። ፍሬሰላም ቀዩን ክር አይታ አወቀቻት።

እዚሁ ቂርቆስ ቀበርነው። እናቱ አልጋ ላይ ሆነው፣ ሳይሰሙ...

ሐኪሙ ለጋሽ አጥናፉ፣ "አሁን ድንጋጤ አይችሉም" አላቸው። ጋሽ አጥናፉ የእትዬ ጦቢያ ወንድም ናቸው፤ የዕድራችንም ዳኛ። ሰብሰብ አድርገውን "መርዶው ይቆይ፤ ትበርታ" አሉ። ሁላችንም ተስማማን። የታመመ ሰው መርዶ ሲዘገይለት ያየነው ነገር ነው፤ ከእኛ አልተጀመረም።

ለእትዬ ጦቢያ፣ ናኦድ በድንገት ለሥራ ዱባይ ተልኳል ተባለላቸው። ፍሬሰላምን አይተው፣ አይተው...

"ይሁን" አሉ።

ሌላ ነገር አልጠየቁም። ይችን ልብ በሉልኝ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የፍሬሰላም ኑሮ ሁለት ሆነ። ጧት ቀይ ሹራቧን ለብሳ ከቤት ትወጣለች። ግቢያችን በር ላይ የሀፊዛ ሱቅ አለ። ሀፊዛ የወሎ ልጅ ናት፤ ናኦድን ከልጅነቱ ጀምሮ ከረሜላ እየሰጠች ያሳደገች። ፍሬሰላም ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ገብታ ጥቁሯን ትለብስና ወደ ሥራ ትሄዳለች። ስትመለስ ጥቁሩን አውልቃ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ቀዩን ለብሳ ወደ እናቷ ትገባለች።

"እስከ መቼ ነው ፍሬ?" አለቻት ሀፊዛ አንድ ቀን።

"ልቧ እስኪበረታ።"

"ያንቺስ ልብ?"

ፍሬሰላም ጥቁሯን አጣጥፋ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጠች። ወንድሟ ሞቶባት በወጉ ጮኻ ያላለቀሰች ልጅ ናት። ቤት ውስጥ አይቻል፣ ቢሮ ውስጥ አይቻል። ታክሲ ውስጥ ነበር የምታለቅሰው፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ።

እትዬ ጦቢያ ደግሞ ጠየቁ።

"ዱባይ ስልክ የለም እንዴ? ድምፁን አሰሙኝ።"

አንዴ ኔትወርክ ነው ተባለ። አንዴ ስልኩ ተሰርቆ ነው ተባለ። ውሸት ደግሞ አንዴ ከጀመሩት ሌላ ውሸት ይወልዳል።

ፍሬሰላም ጨንቋት ለአለቃዋ ለዘአማኑኤል አዋየችው። እሱ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ቀብር ላይም አልቅሷል። ጥቂት አሰበና ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ።

"ፍሬ፣ ማለቴ... ዳታው እኮ አለን። ቮይሱ፣ ሙቭመንቱ፣ ሁሉም። ኤአይ ስናስገባበት ራሱ ይመልሳል። በቃ እንደ ቪዲዮ ኮል ነው።"

"ሞቷል እኮ፣ ዘአማኑኤል።"

"ለእሷ አልሞተም።"

"እሱን ማን ጠየቀው? የተቀዳው እኮ ቤት ለማስጎብኘት ነው።"

"ለእናቱ ነው እያልኩሽ! ናኦድ ለእናቱ እምቢ የሚል ይመስልሻል?"

ይኼኛው አፏን አዘጋት። ናኦድ ለእናቱ እምቢ አይልም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ነው መነጽሩን ያመጣችው። እንደ ተራ መነጽር ቀለል ያለ ነው። ስታደርገው የራስህን ሳሎን ያሳይሃል፤ በሩ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ግን ናኦድ ተቀምጧል። ቤቱን የለካችው ራሷ ፍሬሰላም ናት። ሳሎኑን ብቻ፣ ከግድግዳ እስከ ደፍ። ከደፉ ወዲያ ለመነጽሩ ምንም የለም፤ ባዶ ነጭ ነው።

"አዲስ ዓይነት ስልክ ነው እማዬ። ናኦድን እዚሁ ቁጭ ብሎ ታዪዋለሽ" አለቻቸው።

እትዬ ጦቢያ አደረጉት።

"እማዬ..."

ድምፁ የሚወጣው መነጽሩ ላይ ካለች ትንሽ ስፒከር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ላለ ሁሉ ይሰማል። ፍሬሰላም ግድግዳውን ተደገፈች።

እትዬ ጦቢያ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ከሳህ" አሉ በመጨረሻ።

"ደህና ነኝ እማዬ። አንቺ እንዴት ነሽ?"

"እኔማ አለሁ።"

እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ። እጃቸው ወንበሩ ላይ አየር ነካ... ቀስ ብለው መለሱት።

"በልተሃል?"

"በልቻለሁ።"

ፍሬሰላም ወደ ጓሮ ሮጠች። ውኃ ከፍታ፣ ድምፁ እንዳይሰማ፣ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ጦቢያ በየቀኑ መነጽሩን ማድረግ ጀመሩ። ስለ ዱባይ ግን አንድም ቀን አልጠየቁትም። ፍሬሰላምም እሳቸው ጋደም ሲሉ ተደብቃ ታደርገዋለች። ምን ታድርግ፣ ናፍቋታል! ቁጭ ብሎ "ፍሬ" ሲላት ለመስማት ብቻ።

እንዲህ በተደበቀች በአንዱ ቀን ነው ሸሚዙን ያየችው።

ነጩ ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ፣ ነጠብጣብ አለበት። ቢጫ። እንደ እርድ።

በማግስቱ ቢሮ ገብታ ምስሉን ከፈተች። አቀረበችው። የበለጠ አቀረበችው። ሸሚዙ ነጭ ነው። አንድ ነጥብ የለበትም።

'ዓይኔ ነው' ብላ ተወችው።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ ከሰዓት፣ እናቷ ተኝተው፣ መነጽሩን አደረገች። ናኦድ ዛሬ ወደ እሷ አላየም። ወደ በሩ ነው የሚያየው።

"ፍሬ።"

"ወዬ።"

"ጥቁር ለምን ለበስሽ?"

ወደ ራሷ አየች። ቀይ ሹራብ ነው የለበሰችው። ጥቁሩ ሀፊዛ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ከመጋረጃው ጀርባ...

"ማን ሞቶ ነው?"

መነጽሩን መንጭቃ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ከጠረጴዛው ላይ፣ በቀስታ...

"ፍሬ... ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።"

ስለ ሾርባው ለማሽኑ የነገረ ሰው የለም። ያስገቡለትን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። የቤት ማስጎብኘት ነው፣ ቀልድ ነው፣ ሰላምታ ነው። ሾርባ የሚል የለም። እማዬ ነግራው ይሆናል አለች። ሰው ሲፈራ ለራሱ የሚሰጠው መልስ አያጣም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ።

ከሥራ ስትገባ እናቷ ሲያወሩ ሰማች። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

"እሺ... አይዞህ... ማንም አይቆጣህም። መንገዱን ታገኘዋለህ።"

ገባች። መነጽሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ቻርጅ ላይ፣ ጠፍቷል።

"ከማን ጋር ነው እማዬ?"

"ከማንም።"

በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ዞሯል። ፊቱ ወደ ውጭ ሆኗል።

በዚያው ሰሞን ዘአማኑኤል ደምበል አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንግዶች ጠርቶ ነበር። ለፍሬሰላም የካዛንቺስ ቤቶች ዝግጅት ነው ብሏታል። ከኋላ ተቀመጠች። መብራቱ ጠፋና ትልቁ ስክሪን በራ።

የእናቷ እጅ ነው።

ያ ባዶ ወንበር ላይ የተዘረጋው እጅ። ቀጥሎ ድምፃቸው... "በልተሃል?"

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ አጨበጨበ።

መነጽሩ ሁሉንም ይቀዳ ነበር። ያዩትን፣ ዓይናቸው ያረፈበትን፣ እንባቸውን ሁሉ እየለቀመ ወደ ቢሮ ይልክ ነበር። ፍሬሰላም ዘአማኑኤልን መተላለፊያው ላይ ያዘችው።

"ማን ፈቀደልህ?"

"ፍሬ፣ ቀስ በይ። ስሟ የለም፣ ፊቷም አይታይም። ስንት ቤተሰብ ይሄን እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ? ሰዎቹ ሲያለቅሱ አላየሽም?"

"እናቴ እኮ አላወቀችም!"

"ስላላወቀች እኮ ነው የሚያምረው" አላት። አምኖበት ነው ያላት። ክፋት የለውም... የሚያስፈራውም ያ ነው።

ፍሬሰላም ቦርሳዋን አንስታ በቀጥታ ጋሽ አጥናፉ ቤት ሄደች። ወንድሟን ለማየት እሷም ተደብቃ መነጽሩን እንደምታደርግ ታውቃለች፤ ቢሆንም ይበቃል።

"ጋሼ፣ ነገ ጧት ይነገራት።"

"ልቧስ?"

"እየገደልናት ያለነው እኛ ነን።"

ጋሽ አጥናፉ ነጠላቸውን ከመስቀያው አወረዱ። ከዚያ ለጎረቤቱ ላኩበት። ሀፊዛም እኔም ሰማን። ከእትዬ ጦቢያ ቤት ፊት ለፊት አምቡላንስ የሚጠራ ሰው እንኳ አዘጋጁ።

እናም ወደ ጀመርኩላችሁ ጧት መጣን።

በሩ ሳናንኳኳው ከውስጥ ተከፈተ።

እትዬ ጦቢያ ናቸው። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ልክ እንደ እኛ...

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ግቡ" አሉ በሹክሹክታ። "ቀስ ብላችሁ። እንዳይሰማ።"

ማንም፣ ማን እንዳይሰማ ብሎ አልጠየቀም። ተራ በተራ ገባን። ግማሾቻችን በሩ ላይ ቆመን ቀረን፤ እኔ ደፉ አጠገብ ነበርኩ።

"ጦቢያ... እኅቴ..." ብለው ጀመሩ ጋሽ አጥናፉ።

"ተው አጥናፉ። የእኔ መርዶ ከሆነ ደርሶኛል።"

ጋሽ አጥናፉ ወደ ፍሬሰላም ዞሩ።

"ሾርባ ይዤ እየመጣሁ ነው ያለ ልጅ ዱባይ አይሄድም" አሉ። አያለቅሱም። "ደግሞ እናንተ... ሆስፒታል ሊጠይቀኝ ያልመጣ የለም። ስለ እንቅልፌ ጠየቃችሁኝ። ስለ መድኃኒቴ ጠየቃችሁኝ። አንድ ሰው እንኳ 'ናኦድ እንዴት ነው?' አላለኝም። አንድ ሰው! ልጇ በሕይወት ያለ እናት እንዲህ ትጠየቃለች?"

አንገታችንን ደፋን። እንዴት ብለን ስሙን እንጥራው? ስንጠነቀቅ፣ ስንጠነቀቅ... በጥንቃቄያችን ነገርናቸው ለካ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ እማዬ?" ፍሬሰላም እግራቸው ሥር ወደቀች።

"ትነግሩኛላችሁ ብዬ ድምፁን አሰሙኝ ስላችሁ መነጽር አመጣችሁልኝ።"

የልጃቸውን ፀጉር ዳበሱ።

"ልጄ እንዳልሆነ ያን ቀን አውቄያለሁ። ናኦድ ቢሆን ተቀምጦ አያወራኝም፤ መጀመሪያ ድስት ከፍቶ ያያል። ለአንቺ ብዬ ዝም አልኩ። ደስ ይበላት አልኩ። ኋላ ግን... ኋላ መምጣት ጀመረ። መነጽሩን ሳላደርግም ይመጣል። 'ሾርባው ቀዘቀዘ፣ መንገዱ ጠፋኝ' ይለኛል። የተቀመጠበት ይቀመጣል። በጠራችሁት ቁጥር ነው መሰለኝ መሄድ ያቃተው።"

ድምፃቸው ተሰበረ።

"መሞቱን አያውቅም። ማን ነገረው? ሞቱን ባልሰማ ልጅ ፊት እንዴት ብዬ ላልቅስ? እናንተ ለእኔ ፈራችሁ፣ እኔ ለእሱ ፈራሁ። አፌን በነጠላ አፍኜ ነው የከረምኩት።"

ሀፊዛ ፊቷን ሸፈነች።

"አጥናፉ፣ አንተ የዕድር ዳኛ ነህ። ስንቱን አርድተሃል። እናት ለልጇ አትናገርም፤ ከአፌ አይወጣልኝም። አንተ ንገረው።"

ጋሽ አጥናፉ ዞረው አዩን። እንደሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ "እኔ ለመነጽር መርዶ ልንገር?" ብለው ይቆጡ ነበር። የእኅታቸውን ፊት ሲያዩ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ።

"አምጪው" አሏት ፍሬሰላምን።

መነጽሩን አደረገችው። ከዚህ በኋላ ያለውን እኛ በጆሯችን ነው የሰማነው። ያየችው እሷ ብቻ ናት። ወንበሩ ላይ ተቀምጧል አለችኝ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ። ቢጫው ነጠብጣብ ሸሚዙን ሞልቶታል።

"ናኦድ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ አጥናፉ።

"አቤት ጋሼ።"

ወገኖቼ፣ የናኦድ ድምፅ ነው። ግቢያችን ውስጥ እያፏጨ የሚገባው ልጅ ድምፅ...

"አይዞህ። ሰው ሆኖ ይኼ የማይደርስበት የለም። ከቤታችን ሰው ሄዷል።"

"እማዬ ናት?"

እንዴት እንደደነገጠ! እትዬ ጦቢያ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

"አይደለችም። እሷ ደህና ናት።"

"እሺ ማን ነው ጋሼ?"

ጋሽ አጥናፉ ስንት ቤት ገብተው ስንቱን ያረዱ ሰው ናቸው። ያን ጧት ግን ወደ ወንበሩ ጎንበስ አሉ።

"አንተ ነህ፣ ልጄ።"

ውጭ የቂርቆስ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማል።

"ቡልጋሪያ ላይ" አለ ቀስ ብሎ። እየጠየቀ አልነበረም።

"አዎ፣ እዚያ ነው።"

"ሾርባውስ?"

"እዚያው ቀረ።"

"እማዬ ሰምታለች?"

ጋሽ አጥናፉ እኅታቸውን አዩ። ከወንበሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው። እትዬ ጦቢያ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልሰማሁም በለው...

"አልሰማችም" አሉ ጋሽ አጥናፉ።

"እንዳትነግሯት። ልቧ አይችልም።" ድምፁ እየራቀ ሄደ። "በቃ... ለሥራ ዱባይ ሄደ በሏት።"

ፍሬሰላም ሲነሳ አየችው። ሸሚዙን በእጁ ጠረገ። ወደ በሩ መጣ። ረጅም ልጅ ነበር ናኦድ፤ የእናቱ ቤት መቃን ደግሞ አጭር ነው። ራሱን ዝቅ አደረገ... ደፉንም ተሻገረ። ያ ባዶ ነጭ ብቻ ወዳለበት፣ እሷ ለክታ ወዳልሠራችው ቦታ።

እኛ ይኼን አላየንም።

ግን በሩ ላይ የቆምን ሰዎች ሁላችንም፣ ማንም ሳያዘን፣ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ተጠግተን መንገድ ለቀቅን።

ለምን እንደተጠጋሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያኔ እትዬ ጦቢያ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡት። የዚያን ጧት የተሰማው ጩኸት እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሄዷል። ፍሬሰላምም ጥቁሯን ለብሳ፣ በእናቷ ቤት፣ የወንድሟን ስም እየጠራች አለቀሰች። የእትዬ ጦቢያ ልብ ቻለ። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው መጣ፣ ለቅሶው ወጉን አገኘ።

ድንኳኑ ሳይነሳ ዘአማኑኤል ደወለላት።

"ፍሬ፣ ናኦድን ለምን አጠፋሽው?"

"አላጠፋሁም።"

"ዋናው ቅጂ የለም፣ ባክአፑም የለም! የካዛንቺስ ቤቶች ሁሉ በራቸው ተከፍቷል፣ የሚቀበል ሰው የለም። ማለቴ... ከአንቺ ሌላ ማን ሊያጠፋው ይችላል?"

ስልኩን ዘጋችው። መነጽሩን በሰው ላከችለት። ወደዚያ ቢሮ አልተመለሰችም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ የቀረ ነገር አለ።

ከዐርባው በኋላ ነው፣ አንድ ረፋድ። ፀሐይ ወጥቷል። ከሀፊዛ ሱቅ ዳቦ ገዝቼ ከፍሬሰላም ጋር ወደ ግቢ እየገባን ነበር። ፍሬሰላም በድንገት ቆመች። ክንዴን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል።

እትዬ ጦቢያ ደፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንድ ፔርሙዝ ቆሟል።

አረንጓዴ ነው። እጀታው ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሟል።

"እማዬ..." አለች ፍሬሰላም። "ይኼን... ማን አመጣው?"

ሀፊዛ ከሱቋ ሆና ማንም ሲገባ አላየሁም ትላለች። ጧቱን ሙሉ በሩ ላይ ነበረች።

እትዬ ጦቢያ ክዳኑን ፈተው በክዳኑ ቀዱ። ቢጫ ነው። ይተናል... ትኩስ ነው።

ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ።

"ጨው አንሶታል" አሉ።

ከዚያ ጠብ ሳያደርጉ ጨረሱት።